ጫማሽን አውርጂው

ጫማሽን አውርጂው፣ ዶሚቲላ፣ ቆዪ፤
ከመምታትሽ በፊት አንድ ጊዜ እዪ።
ባንድ እግርሽ ቆመሻል፣ ካልሲሽም ተቀዷል፤
እሷ ፀጥ ብላለች፣ ያንቺ እጅ ግን ርዷል።

ሰው ሲጠራኝ ማታ፣ በሬን ደብድቦ፣
"ና ግደልልኝ" ነው፣ መጥረጊያ አቅርቦ።
ይኸው ይዤ መጣሁ የማርማላታ ጠርሙስ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትሮሊ አውቶቡስ
በቫልፓራይሶ ዳገት ሳመላልስ
የተማርኩት አንድ ነው፣ ፍሬን መያዝ፣ ቀስ።

የጥግ ሸረሪትን ይህ ሰፈር ያውቃታል፤
ከቁም ሣጥን ኋላ ልብስ ያሞቃታል።
ጀርባዋ ላይ ቫዮሊን፣ ማን እንደሳለባት!
ሙዚቃውን የሰማች ኢስሜኒያ ናት።
አንድ ሐምሌ ጠዋት፣ ዝናብ እያካፋ፣
ካፖርቷ ነከሳት፤ ቁስሉ ጠቁሮ ሰፋ።
ዳነች፤ ከክንዷ ላይ ጠባሳው ቀረ፤
የእኔ ጦርነት ግን ያን ቀን ጀመረ።

ገዛሁ፣ ረጨሁ መርዝ፤ ጥጋጥጉን፣ ጣሪያውን፣
የወንበሩን እግር፣ ያልጋ ሥር፣ ጓዳውን።
ስምንት እግር ካለው አንድ ነው በደሉ
ብዬ ፈረድኩኝ፤ ይጥፋ በሙሉ!
በማለዳ ጠርጌ ሬሳውን ሳወጣ
አብዛኛው ይቺ ናት፤ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ነጣ
ያለች፣ ነብርማ፣ ዘገምተኛ፣
መሸሽ የማትችል የግድግዳ መንገደኛ።
ፈጣኗስ? ፈጣኗ በስንጥቁ ሾልካ
በወሩ መጣችብኝ፣ ጥጎቼን ልትለካ።
እኔ ሞኙ፣ ለካ፣ ሌባ ይያዝ ብዬ
በር ከፍቼ ኖሯል፣ ዘበኛን ገድዬ።

መነጽርሽን አድርጊ።
ጉልላት የመሰለ ራሷ ውስጥ ምን አለ?
ሙጫ ነው፣ በመርዝ ተለውሶ የዋለ።
ያቺን ባለቫዮሊን ሌሊት ስታገኛት
አትሮጥም፣ አትዘልም፤ በእግሯ ጫፍ ለክታት፣
ከዚያ እንትፍ። አለቀ። ዓይንሽ ሳይርገበገብ
ወዲያ ወዲህ ብሎ ክሩ፣ እንደ መረብ፣
ከግድግዳው ጋራ ይሰፋታል አጥብቆ፤
ያንቺ ሲንጀር እንኳ አይሰፋም እንዲህ ጠንቅቆ።
ድር ቢያብር ይባላል አንበሳ ለማሰር፤
ይህች ግን ብቻዋን፣ ያለ ድር፣ ያለ ማኅበር፣
በአንዲት ጠብታ ምራቅ…
ምን ልበልሽ።

ደግሞ ጠጋ በዪ። አፏ ላይ ምን አለ?
ቆሻሻ መሰለሽ? እንቁላል ነው፤ ልጅ ነው፣
በሐር ቋጥራ በጥርሷ ይዛው የምትዞረው።
እንኳን አንቺን ልትነክስ፣ ራቷንም አልበላች፤
አፏን ከፈተች ማለት ልጆቿን ጣለች።

እኛ ግን ስም ማውጣት ማን ብሎን! ችለን፣
ብርሃን የወደደችን "የእሳት ራት" ብለን፤
ራት ያደረግናት እኛው ነን፣ መብራት ሰቅለን።
እበት ገፊን አይተን አፍንጫችንን ያዝን፤
ሜዳው ሲለመልም ላሟን አመሰገንን።
የተርብን ነገርማ ሌላ ቀን ላውራሽ፤
ዛሬ ከጀመርኩት ይቀዘቅዛል ሾርባሽ።

አልዋሽሽም፤ ያቺን፣ ባለቫዮሊኗን፣
ካየሻት ጥሪኝ፤ ወይ አንሺ ጫማሽን።
ብቻ ለይተሽ ምቺ።

ኢስሜኒያ ራሷ፣ በዚያ ጠባሳ ክንዷ፣
በመጨረሻው ክረምት፣ ተኝታ ካልጋዋ፣
"ዘበኛዋ ገባች?" ትለኝ ነበር ማታ።
"ገብታለች" እላለሁ፣ ግድግዳውን አይቼ።
አንዳንዴ ውሸቴን ነው።

በይ፣ መብራቱን አጥፊ፤ ሥራዋ በጨለማ ነው።
ያን ወንበር ሳቢልኝ፤ ላንቺ ደግሞ ያኛውን፣
በስፌት መኪናሽ በኩል ያለውን።
ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።
ጫማሽንም አጥልቂ፣ ወለሉ ይበርዳል።